የዓመት ስለት

ይሥሐቅ የመጨረሻውን ዳገት ወጥቶ ወደ ኋላው ዞር ሲል፣ ፔቲ ኦፊሰር አትናቴዎስ ገና መሐል ላይ ነበሩ። በከዘራቸው ውርጩን እየወጉ ጥቂት ይራመዱና ይቆማሉ፤ መቆማቸው ግን ድካም እንዳይመስልባቸው ፊታቸውን ወደ ጓሳ አዙረው ሜዳውን የሚቃኙ ይመስላሉ።

«ልደግፍዎት ጋሼ?»

«ምን ሆንኩና ነው የምትደግፈኝ? ነፋሱን እያየሁ እኮ ነው። ባሕረኛ ነፋስ ሳያይ አይራመድም!»

መቼም እሳቸው እንዲህ ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፣ አፋቸው ግን አንድም ቀን ከድቷቸው አያውቅም። ያን ዕለት አስተርዮ ማርያም ስለነበረ የባሕር ኃይል ቆባቸውን አድርገው ወጥተዋል። ነጭነቱ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ ጠርዙ ግን ዛሬም በካውያ እንደተተኮሰ ነው። የፊት ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ ሸጉጠውታል፤ ጊዜው ሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ነውና ጭምብል የሌለው ሰው አልነበረም፣ በወጉ አፉን የሸፈነበት ሰው ግን እምብዛም ነው።

የሚወጡት ወደ «ቴሌ» ነበር። ቴሌ ማለት ከቀየት መንደር በላይ፣ የጓሳ ሣር ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። በዚያ አካባቢ የስልክ ሞገድ የሚገኘው እዚያ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ በመሆኑ አገሬው ስሙን አወጣለት። «እገሌ የት ሄደ?» ሲባል «ቴሌ ወጥቷል» ይባላል። ይሥሐቅ ዓመቱን ሙሉ አርብ አርብ ቴሌ ወጥቷል።

እሱ የመርከብ ማሽን መሐንዲስ ነው። ባሕር ዳር ምህንድስና ተምሮ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሠልጥኖ፣ ነጭ ሸሚዝ በትከሻ ምልክቱ ለብሶ በአምናው ጥር አገሩ ሲገባ ቀየት ገበያ ቆሞ ነበር ያየው። በመጋቢት ሊሳፈር ቀን ተቆርጦለት ሳለ ያ ክፉ በሽታ መጣና ወደቦች ተዘጉ። መርከብ ላይ ያለ ሰው መውረድ አቃተው፣ ምድር ላይ ያለው መሳፈር። ከዚያ ወዲህ ወር በወር ላይ ተደረበ። ያዩት ሁሉ «ካፒቴን፣ መርከቡ ዘመሮ ደረሰ?» እያሉ በጎረቤቷ የደጋ ከተማ ስም ይቀልዱበት ጀመር። በልቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠይቁታል። እሱም መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ሳቁ አልመጣ እያለው ሰው ካለበት መራቅ ጀመረ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉት ደግሞ እየሰማ እንዳልሰማ ያልፋል።

ፔቲ ኦፊሰር አትናቴዎስ ባይኖሩ ኖሮ አልጋ ላይ ይቀር ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በጦር መርከብ በበታች ሹምነት፣ በባሕረኛው አጠራር በፔቲ ኦፊሰርነት፣ ያገለገሉ ሰው ናቸው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ባሕሩም ባሕር ኃይሉም ከእጅ ወጣ፤ እሳቸው በአንድ ጆንያና በቆባቸው አገራቸው ገቡ። «ትጠራላችሁ» ተብለው ነበርና ጠበቁ። ሚስት ሳያገቡ ጠበቁ፤ «ስጠራ ጥያት ልሄድ ነው እንዴ?» እያሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው ሲባል ቆባቸውን ተኩሰው አዲስ አበባ ወረዱ። አንድ ወጣት መኮንን በክብር ሰላምታ ተቀብሎ ወንበር ስቦላቸው፣ «አባቴ፣ ዕድሜዎ አልፏል» አላቸው። በማግስቱ ተመለሱ። ይህን ከይሥሐቅ በቀር ለማንም አልተናገሩም።

«ስማ» ብለውት ነበር ወደቦች በተዘጉ ሰሞን፣ ፀሐይ ወጥታ እሱ ገና ተኝቶ ቢያገኙት ጋቢውን ገፈው። «መርከብ የሚጠብቅ ሰው ሥራ ፈት አይደለም። ዘብ ላይ ያለ ሰው ነው። ዘብ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይላጫል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ እጁን ሥራ አያስፈታም። ተነሥ!»

ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ተላጭቶ ወደ ዘመሮ ይወርዳል፤ የአቶ ተገኘን ወፍጮ ሞተር ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ይገጥማል። ማታ በጓሳ ሣር ገመድ የባሕረኛ ቋጠሮ ይለማመዳል። አንድ ቀን የጎረቤቱን የእመት ደብሪቱን አህያ በዚያ ቋጠሮ ጭኖላቸው፣ ገበያ ደርሰው ማንም ሊፈታው ባለመቻሉ ገመዱን በማጭድ ቆርጠው ገብሱን አወረዱ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሲያዩት «ያንን የሰይጣን ቋጠሮ ይዘህ አትድረስብኝ» ይሉታል።

ያን ዕለት ግን ልቡ ዝሏል። አቶ ተገኘ «ወፍጮውን አብረን እንያዘው፤ የበዓሉ ዕለት ቁርጡን ንገረኝ» ብለውታል። የበዓሉ ዕለት ደርሷል።

ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ወዳለው የመርከበኞች ቀጣሪ ኤጀንሲ ደወለ። እንደ ወትሮው መጀመሪያ የመለሰለት ያ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ እጅዎን ይታጠቡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ። ቴሌ ድንጋይ ላይ ቆሞ ርቀትህን ጠብቅ መባል! ከጭላዳና ከቀይ ቀበሮ በቀር ማን አጠገቡ አለና ነው? ነፋሱ ጋቢውን እየገፈፈው፣ በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ ርቀቱን የጠበቀ ሰው ያለ አልመሰለውም። ሆድ ባሰው።

«ይሥሐቅ!» አለች ጽናት። በኤጀንሲው ቢሮ ስልክ የምትቀበለዋ ልጅ ናት፤ ፊቷን አያውቀውም፤ ድምፅዋን ግን ዓመቱን ሙሉ ሰምቶታል። «ነፋሱን ስሰማ አንተ እንደሆንክ አወቅኩ። ስማኝ፣ ጅቡቲ ላይ ያለ መርከብ የማሽን ክፍል ሰው ጎድሎበታል። አለቃዬ ስምህን ከሌሎች ልጆች ጋር ይዞ ገብቷል። እስከ ቀትር ይወስናሉ። ከመረጡህ በዚሁ ስልክ እደውላለሁ።»

«ካልተነሣስ?»

«ካልተነሣ ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋሉ። መርከቡ አይጠብቅም። እባክህ ከዚያ ድንጋይ አትውረድ።»

ስልኩን ዘግቶ ቁልቁል አየ። ከታች፣ ጥዶቹ መሐል፣ የአምባ ማርያም ጉልላት ያብረቀርቃል። ነጭ የለበሰ ሰው ከየአቅጣጫው ወደዚያ እየወረደ ነው። እናቱ አማከለች ዛሬ ስለት ታስገባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከይሥሐቅ በቀር ከጎኗ የሚቆም ሰው የላትም፤ ማታውን ሙሉ «ጃንጥላውን አንተ ትይዝልኛለህ» ስትለው አምሽታለች። የምን ስለት እንደሆነ ቢጠይቃት «ስትሰማ ትሰማለህ» ብላ ዘጋችው። ለዐይኗ ሕመም ይሆናል ብሎ ገመተ። ለዚያ ጃንጥላ ስትል ክረምቱን ሱፍ ፈትላ፣ ባና የሚሉትን ብርድ ልብስ አሠርታ ሸጣለች።

«ምን ይሻለኛል ጋሼ?»

ፔቲ ኦፊሰር አትናቴዎስ ቀረብ አሉ። ድንጋዩ ሥር ከዘራቸውን አቆሙ፣ ቆባቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልኩን ወዲህ በል። ዘቡን እኔ እይዛለሁ። አንተ እናትህ ዘንድ ውረድ።»

«ብርዱ...»

«ብርዱን ተወው! ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው እስከ ቀትር መጠበቅ ያቅተዋል?»

ይሥሐቅ ስልኩን ሰጣቸውና ወረደ። ጥቂት ሄዶ ዞር ሲል፣ ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጧፍ ይዘው ድንጋዩ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርስ ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱ ተጀምሯል። በዓሉ አርብ ስለዋለ የጾም በዓል ነው፤ ሰዉ ግን ሞቅ ብሏል። አማከለች ከሴቶቹ መሐል ቆማ መንገዱን መንገዱን ታያለች። ልጇን ስታይ ፊቷ በራ።

«ቀረ ብዬ ነበር እኮ! ና፣ ና ያዝልኝ።»

ጃንጥላው ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ይሥሐቅ ዘረጋውና ከእናቱ በላይ ያዘው። እሷ አጠር ያለች፣ ፊቷ በብርድና በፀሐይ የጠየመ ሴት ናት፤ ከዘርፉ ሥር ስትቆም ሙሽራ መሰለችው። ደስ አለው። ጆሮው ግን ቴሌ ድንጋይ ላይ ነበር።

ታቦቱ በምሥራቅ በር ቆመ። ቄስ አፈወርቅ የሞንታርቦውን መናገሪያ ተቀብለው ስለት ያስገቡትን ማሰማት ጀመሩ። ልጅ ያገኘች፣ ከሕመም የተነሣ፣ የጠፋ በሬው የተገኘለት። ለእያንዳንዱ እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ ዐይናቸው አማከለች ላይ ዐረፈ።

«እኅታችን አማከለች ደግሞ» አሉ፣ ድምፃቸው በጥዶቹ መሐል እያስተጋባ፣ «በአምናው አስተርዮ፣ ‹ልጄን ይሥሐቅን እስከ ዛሬ ዓመት ድረስ ባሕር አይውሰድብኝ› ብላ ተስላ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከጎኗ ሳይለይ ቆይቶላታልና ስለቷን ይዛ መጥታለች። ደስታዋ ደስታችን ነው! እልል በሉ!»

እልልታው ቀለጠ። ዞሮ ያላየው ሰው የለም። አንዳንዱ ወንድ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ። ይሥሐቅ ጃንጥላውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እጁ ላይ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው። አርብ አርብ እሱ ዳገት ሲወጣ፣ እሷ ደግሞ ቁልቁል ወርዳ እንዲቀር ትለምን ኖሯል። ጫማውን እየወለወለች ሰጥታው! ስንቁን ቋጥራ! የቀየት ሰው ሁሉ ቢሳለቅበት እናቴ አለችልኝ ይል ነበር። አሁን ማን አለው?

ጃንጥላውን ለዲያቆኑ አቀበለና ሕዝቡን ሰንጥቆ ከጥዶቹ ጀርባ ሄደ። አማከለች ነጠላዋን እያነሣች ተከተለችው።

«ይሥሐቅ! አንተ ልጅ፣ ቁም!»

«ምን በደልኩሽ እማዬ?»

«ምን ትበድለኛለህ?»

«እኔ ተስፋ ላለመቁረጥ ስንት እታገላለሁ። ሰው ሲስቅብኝ ዋጥ አድርጌ አድራለሁ። አንቺ ለካ ከሥር ከሥር ትፈቺብኛለሽ!»

አማከለች ከጥዱ ሥር ቁጭ አለች። ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ቁጣው እንባ ሆኖ መጣ።

«ያን ነጭ ልብስ ለብሰህ ስትመጣ ደነገጥኩ። አባትህን አፈር ወሰደው፤ ሄጄ መቃብሩን እስማለሁ። ባሕር የወሰደውን ሰው የት ሄጄ ነው የማለቅሰው? ዓመት ከቆየ ልቡ ይመለሳል፣ ያገባል፣ ይረሳዋል አልኩ። ለዓመት ብቻ ነው የለመንኳት፣ ከዚያ በላይ ለመለመን አፌ አልደፈረም።»

ይሥሐቅ ፊቱን ወደ ቴሌ አዞረ።

«ከዚያ በመጋቢት...» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በሬዲዮ ወደቡ ሁሉ ተዘጋ፣ መርከቡ ሁሉ ቆመ፣ ዓለሙ ሁሉ ቤቱን ዘጋ ሲሉ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት አልኩ። በእኔ ስለት! አንድ ልጄን ብዬ የስንቱን ልጅ ባሕር ላይ አስቀረሁት። ለንስሐ አባቴ እንኳ መናገር አፈርኩ። ሌሊት እየተነሣሁ ‹እመቤቴ፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው› እላታለሁ፤ ደግሞ አንተ ተኝተህ ሳይህ ‹አይ፣ ትንሽ ቆዪ› እላታለሁ። እንዲህ ስሆን ነው የከረምኩት።»

ይሥሐቅ ሊስቅ ነበር፤ ዓለም በአማከለች ስለት ተዘጋ! ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር እሱም ብቻውን እሷም ብቻዋን ሲጨነቁ መክረማቸው አንጀቱን በላው። ቁጣው ለቀቀው፤ ከቁጣው ጋር ግን የቀረችው ጉልበትም አብራ ለቀቀችው። ከአጠገቧ ተቀመጠ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ቀትር ሆኗል፤ ከቴሌ በኩል የመጣ ሰው የለም።

«አልተደወለም» አለ ለራሱ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «እሺ እማዬ። ደርሶልሻል። ለአቶ ተገኘ እሺ በይልኝ። ወፍጮው ይሁን።»

የፈለገችው ይህንን ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለመነችው ይህንን ነበር። ነገር ግን ልጇ ያንን ሲል ፊቱን አየች፤ ባሏ በታመመበት ሰሞን፣ ከእንግዲህ መድኃኒት አልፈልግም ሲላት ያየችውን ፊት መሰላት። እልል ማለት አቃታት።

ያን ጊዜ ከቅጽሩ ውጭ፣ «ካዴት ይሥሐቅ! ካዴት ይሥሐቅ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ፔቲ ኦፊሰር አትናቴዎስ ነበሩ። ከዘራቸው የለም፤ የሱሪያቸው ጉልበት ጭቃ ሆኗል። ወድቀዋል ማለት ነው። ቆባቸው ግን ራሳቸው ላይ ነው። ከእናትና ልጅ ፊት ሲደርሱ ተረከዛቸውን ገጠሙ፣ እጃቸውን ወደ ቆባቸው አነሡ።

«በዘብ ሰዓቴ አንድ ጥሪ ደርሶኛል!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ተመርጠሃል። ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ቢሮ ትገኛለህ፤ ፓስፖርትህን ይዘህ። የኮሮናውን ምርመራ አድርገህ በማግስቱ ወደ ጅቡቲ። ይመጣል ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። አጠፋሁ?»

ይሥሐቅ ተነሥቶ አቀፋቸው። ሽማግሌው በእቅፉ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ተሰማው፤ ብርድ መሰለው።

«ልጅቱ ‹ማን ልበል?› ስትለኝ» አሉ ጆሮው ሥር፣ «‹ፔቲ ኦፊሰር አትናቴዎስ፣ ዘብ ላይ!› አልኳት። ‹ይቅርታ አባባ፣ እኔ የፈለግኩት ይሥሐቅን ነበር› አለች። አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ አልኳት። ምንም አልመሰለኝም ነበር። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ስደርስ ግን ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለዚያ ነው የዘገየሁት።»

አማከለች የሰማችውን ነገር ገና እያላመጠች ነበር። «ዛሬ?» አለች። «ዛሬ ነው የተደወለው?»

«አሁን፣ ቀትር ሳይሞላ።»

«የዛሬ ዓመት ብያት... ጃንጥላውን አስገብቼ ሳልጨርስ!» በመዳፏ አፏን መታች። «ወይኔ አፌ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ምን ነበር ዓመት ባልል!»

ቄስ አፈወርቅ የወሬውን ጫፍ ሰምተው መስቀላቸውን ይዘው ደርሰው ነበር። አማከለች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ቃጣት።

«አባ፣ ጃንጥላው ይመለስልኝና እንደገና ልሳል?»

«የገባ ስለት ይወጣል እንዴ ልጄ? ዓመት አልሻት፣ ዓመት ሰጠችሽ። አንድ ቀን አላጎደለችብሽም። አንቺም ከፍለሻል። ከእንግዲህ በእናንተ መካከል ያለው ውል አልቋል።»

አማከለች ቀና አለች። ልጇን አየችው። እየሳቀ አልነበረም፤ ግን ያ የቅድሙ ፊት ጠፍቷል። የአምናው ይሥሐቅ፣ ያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከመኪና የወረደው ልጅ፣ ተመልሶ መጥቶ ከፊቷ ቆሟል። የመጣላት ደግሞ ሊሄድባት ነው።

«ካልሽ እቀራለሁ» አላት። ከልቡ ነበር ያለው።

«ዝም በል!» አለችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ለመድረስ በሩጫ ሄደች። ከሰዉ እግር ሥር፣ ደጁ ላይ በግንባሯ ስትደፋ ይሥሐቅ ከሩቅ አያት። ከበሮው ሲርቅ፣ ሰዉ ሲበተን፣ እሷ እንደተደፋች ቆየች።

ስትመለስ ግንባሯ ላይ አፈር ነበረ። አላራገፈችውም።

«ምን ብለሽ ተሳልሽ?» አላት።

«እንዲመለስ አልኩ።»

«መቼ?»

«አሁንስ ቀን አልቆረጥኩባትም። እንዲመለስ ብቻ ነው ያልኩት።»

ሦስቱም ዳገቱን ተያያዙት፤ ልጁ ዕቃውን ሊያዘጋጅ፣ ሽማግሌው የተዉትን ከዘራ ሊፈልጉ። አማከለች ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች። ቀና ብላ፣ ነፋሱን እንደሚያይ ሰው፣ ወደ ጓሳ ጫፍ ተመለከተች።

«ጋሽ አትናቴዎስ» አለች፣ «ያ ስልክ የሚይዘው ድንጋይ ለሴት እግር ይደረሳል?»

«ይደረሳል» አሉ። «አርብ አርብ አብረን እንወጣለን።»